በሶዶ የገጠምኳቸው የባቡር መንጠቆዎች

የመንገድ ሥራው ካምፕ ጋራዥ የገባሁት በጃንሆይ ዘመን፣ አንድ ሰኞ ጠዋት ነው። እስከዚያ ድረስ ሶዶ ገበያ ጃንጥላ ጠጋኝ ነበርኩ። ፎርማኑ አቶ አንጁሎ ከላይ እስከ ታች አዩኝና "ምን ምን ታውቃለህ?" አሉኝ። "ጃንጥላ" አልኳቸው። "ግሬደር ጃንጥላ የለውም" አሉና ሞረድ ሰጡኝ። እስከ ማታ ስሞርድ ዋልኩ። ለምን እንደምሞርድ ግን የነገረኝ ሰው የለም።

ያኔ ጋራዥ ውስጥ ማዕረግ ማለት ማዕረግ ነበር። ከላይ መሐንዲሱ ሚስተር ሄንሪክ፣ ቀጥሎ ፎርማኑ፣ ከዚያ መካኒኮች፣ ከዚያ ረዳቶች፣ መጨረሻ ላይ እኛ የቀን ሠራተኞች። በመኪና ስንሄድ ፎርማኑ ጋቢና፣ መካኒኮቹ ከጋቢናው ጀርባ፣ እኛ ጭራው ላይ አቧራ እየቃምን ነው። ምሳ ላይ የተቀቀለው ቦዬ የሚዞረው በዚሁ ተራ ስለሆነ እኛ ዘንድ ሲደርስ ማባያው ዳጣ ብቻ ይቀራል። ማንም አያጉረመርምም፤ ሁሉም በየማዕረጉ ነው።

ሦስት ወር እንደሠራሁ ሚስተር ሄንሪክ ቤታቸው አስጠሩኝ። ትልቁ የምግብ ጠረጴዛ ላይ የመጫወቻ ባቡር ተዘርግቷል። እውነተኛ ባቡር በሕይወቴ አይቼ አላውቅም፤ በሶዶም ያየ ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። ሐዲዱ ሦስት መስመር ነው። መንኮራኩሩ በሁለቱ ዳር ይሄዳል፤ መካከለኛው ኤሌክትሪክ ያመጣል። አንድ ጎታችና ስድስት ፉርጎ አለው።

"ባቡር ጥሩ" አሉ ሚስተር ሄንሪክ በሰባራ አማርኛቸው። "መንጠቆ መጥፎ። በጣም ትልቅ።"

እውነታቸውን ነው። ባቡሩ ከነመስኮቱ ተመጣጥኖ አንሷል፤ ፉርጎዎቹን የሚያያይዘው መንጠቆ ግን አላነሰም። ሕፃን የአባቱን ጫማ ያጠለቀ ይመስላል። ለባቡሩ ልከኛ የሆነ፣ የባቄላ ፍሬ የሚያህል መንጠቆ ከአገራቸው በፖስታ አስመጥተዋል።

"ቅዳሜ እንግዳ አለ" አሉኝ። "ባቡር ይሄዳል፣ አንተ ቋሚ ሠራተኛ። ባቡር አይሄድም፣ አንተ ጃንጥላ።"

ቋሚ መሆን ደግሞ የሞት ሽረት ጉዳይ ነበር። ጉኑኖ ከተማ ያለች አንዲት ልጅ ወድጄ ሽማግሌ ልኬ ነበር። አባትየው "የቀን ሠራተኛ? ሲመሽስ ምንድን ነው?" ብለው መልሰውብኛል። ልጅቷን ሌላ ሰው እንዳይወስድብኝ እንቅልፍ አጥቼ ነበር።

ባቡሩን ጋራዥ ወስጄ ሥራ ጀመርኩ። አሮጌውን መንጠቆ በሴጌቶ መጋዝ ቆረጥኩ፤ የቀረውን ጉርድ ሞረድኩ። የፉርጎውን ሆድ በቀጭን መሰርሰሪያ በስቼ አዲሷ መንጠቆ የምትቀመጥበትን ሣጥን በቪት ብሎን አሰርኩ። ሣጥኗ ውስጥ መንጠቆውን ወደ መሀል የምትመልስ ሞላ አለች፤ ከቅንድብ ፀጉር አትወፍርም።

ረቡዕ ዕለት አንዷ ሞላ ከጉጠቴ ተስፈንጥራ ጠፋች። ትርፍ የለም። መካኒኮቹ ሳይቀሩ በእንብርክክ ሆነው ወለሉን ፈተሹ። አቶ አንጁሎ መሀል ቆመው "እዚያ እይ! አንተ ደግሞ እዚህ እይ!" እያሉ ይመሩ ነበር። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሞላዋ በእሳቸው ጢም ውስጥ ተገኘች። በጉጠት ስስባት አንድ ፀጉር አብሮ መጣ። "እሱንም ግጠመው!" አሉኝ ተቆጥተው።

ሐሙስ የከፍታው ጉዳይ መጣ። መንጠቆው ምን ያህል ከፍ ማለት አለበት? ከዕቃው ጋር የመጣውን ወረቀት ማንም ማንበብ አልቻለም። ለሚስተር ሄንሪክ ጥያቄ ማቅረብ ደግሞ ለቀን ሠራተኛ አይገባም። አቶ አንጁሎን ጠየቅኩ።

"ይሄ ምኑ ይጠየቃል?" አሉ። "ጎታቹ አለቃ ነው፤ የሱ መንጠቆ ከፍ ይበል። ቀጥሎ ያለችው ፉርጎ ትንሽ ዝቅ ትበል። ከሷ ኋላ ያለችም ዝቅ። የመጨረሻዋ እንዳንተ ናት።"

ትክክል መሰለኝ። ቀጭን ቆርቆሮ እየደረብኩ የእያንዳንዱን ፉርጎ መንጠቆዎች ከፊተኛው ዝቅ አደረግኩ። በጣቴ ገፋ ሳደርጋቸው ጫፍ ለጫፍ ተያያዙ። ተሰልፈው ሳያቸው ሥርዓታቸው አኮራኝ።

ቅዳሜ እንግዶቹ ጠረጴዛውን ከበው ተቀመጡ። ከተበላ ከተማ የመጡ አንድ ፊታውራሪ የክብር ቦታውን ይዘዋል። ሚስተር ሄንሪክ በፉርጎዎቹ ላይ ኦቾሎኒ ጫኑ፤ ባቡሩ ዞሮ ፊታውራሪውን እንዲያስተናግድ ነው። እኔና አቶ አንጁሎ በር ላይ ቆመናል።

ባቡሩ ተነሣ። ጠረጴዛው ላይ መጻሕፍት ተደርድረው የተሠራ ድልድይ ላይ ሲወጣ የመጨረሻዋ ፉርጎ ተለቀቀችና ወደ ኋላ ተንሸራታ አንድ መምህር ፊት ቆመች። መምህሩ ድርሻው መስሎት አመስግኖ በላ። ቀጥሎ አምስተኛዋ፣ ከዚያ አራተኛዋ፣ ሁሉም በየተራቸው ቀሩ። ጎታቹ ብቻውን ፊታውራሪው ዘንድ ደረሰና አፏጨ።

ፊታውራሪው ከኋላው ፈለጉ። ምንም የለም። "ይሄስ እንደኔው ነው" አሉ። "እኔም ተከተሉኝ ብዬ ሄጄ ዞር ስል ማንም የለም።"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሚስተር ሄንሪክ ግን አልሳቁም። ጎንበስ ብለው ፉርጎዎቹን በአንድ ዓይናቸው አዩ። "ማን ነው እንዲህ ዝቅ፣ ዝቅ፣ ዝቅ ያደረገ?"

አቶ አንጁሎን አየሁ። እሳቸው ጣራውን ያያሉ። የጉኑኖዋ ልጅ ትዝ አለችኝ። ፎርማን ላይ ጣት መቀሰር ግን እንዴት ይሆናል? "እኔ ነኝ" አልኩ።

ከዚያ አቶ አንጁሎ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እጁ የሱ ነው" አሉ። "ትእዛዙ የኔ ነው።"

ፎርማን በአለቃ ፊት እንዲህ ሲል ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሰምቼ አላውቅም። እንባዬ መጣ።

ሚስተር ሄንሪክ እርሳሳቸውን ሐዲዱ ላይ አቆሙ። "ከዚህ ለካ። ሁሉ እኩል። ምሳ እስኪያልቅ።"

ወጥ ቤት ገብቼ ከሰርዲን ቆርቆሮ መለኪያ ቆረጥኩ። ሐዲዱ ላይ ይቆማል፤ የመንጠቆው ቁመት ላይ ጥርስ አለው። የደረብኩትን ቆርቆሮ ሁሉ አወጣሁ። አቶ አንጁሎ ፉርጎዎቹን ገልብጠው ያዙልኝ፤ ቪቱንም አንድ በአንድ አቀበሉኝ። "ናኣው፣ አንተ ልጅ፣ ቀስ በል" ይሉኛል።

ሁለተኛ ሲነሣ ስድስቱም ፉርጎዎች ድልድዩን ተሻገሩ። ፊታውራሪው ከመጨረሻዋ ፉርጎ ኦቾሎኒ ዘገኑ።

ሰኞ ቋሚ ሆንኩ። ሽማግሌዎቹ ጉኑኖ ተመለሱ። "አሁን ሥራው ምንድን ነው?" አሉ አባትየው። "የባቡር መንጠቆ ይገጥማል።" "ባቡሩ የት አለ?" "ጠረጴዛ ላይ።" ሰውየው ልጃቸውን የሰጡኝ ግራ ተጋብተው ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ ጡረታ እስክወጣ ብዙ ነገር ገጥሜአለሁ። ለወጣት ዕቃ ገጣሚዎች የምለው ይህን ነው፦ የመንጠቆ ልክ የሚወሰደው ከሐዲዱ ላይ ነው። ከፎርማን አፍ አይወሰድም።