ጋሽ እንድሪስ የወደቁባቸው ቦታዎች

የእንስሳት ሕክምና ባለሙያው ጋሽ እንድሪስ ባለፈው ሐሙስ ጠዋት መርሳ በሚገኘው ቤታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ወልድያ ለሕክምና ሰንብተው «ይብቃኝ፣ ቤቴ ውሰዱኝ» ብለው የተመለሱት በቅርቡ ነበር። ቀብራቸውም በዕለቱ ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ ተፈጽሟል። በመርሳ፣ በውርጌሳና በሀብሩ ገጠር ለምታውቋቸው ሁሉ፣ በተለይም ወንዙ ሞልቶባችሁ ለቀብር ሳትደርሱ ለቀራችሁ የማዶ ሰዎች፣ ይህን የምጽፈው እኔ ብርቱካን ነኝ። ሥራ ከያዝኩ ጀምሮ አብሬያቸው ከብት ስከትብ የኖርኩ ባልደረባቸው ነኝ።

ተመርቄ መርሳ ስመደብ የወልድያ ከተማ ልጅ ነበርኩ፤ ስለ ከብት የማውቀው በመጽሐፍ ያነበብኩትን ብቻ ነው። በመጀመሪያው የመስክ ቀን እናቴ የተኮሰችልኝን ነጭ ጋዋን ለብሼ ወጣሁ። ጋሽ እንድሪስ የደበዘዘ አረንጓዴ ኮት ነበር የለበሱት። ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ያምርብሻል» ብቻ አሉ። በሬ ዓምና በመርፌ የወጋውን ሰው ፊት ቢረሳ ነጭ ጋዋን እንደማይረሳ የገባኝ ከቀትር በፊት ነው። አንድ ዳለቻ በሬ ከመንጋው መሃል አየኝና አንገቱን ደፍቶ መጣብኝ። መሮጤ ደህና ነበር፤ የሮጥኩት ግን ወደ በለስ አጥር ነበር።

ሴቶቹ ከእጄና ከጀርባዬ እሾህ ሲነቅሉልኝ መንደሩ በሙሉ ሳቀ። እኔ አለቀስኩ። ነገ ጠዋት ወልድያ እመለሳለሁ፣ ለዚህ አልተማርኩም አልኩ። ጋሽ እንድሪስ አጠገቤ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«እኔንማ የዚህ በሬ እናት ናት ኩሬ ውስጥ የጨመረችኝ። ያኔ እኔም ነጭ ለብሼ ነበር። ቤተሰቡ በሙሉ ጠላታችን ነው» አሉኝ።

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርሽ ታምኚኝ ነበር? እንደዚያ ተተኩሶልሽ?»

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አልቅሺ፣ ይውጣልሽ። ግን መርሳ ስንገባ ወሬውን አንቺው ራስሽ አውሪው። ሌላው ከቀደመሽ የሰው መሳቂያ ትሆኛለሽ፤ አንቺ ካወራሽው ግን ጨዋታው ያንቺ ነው» አሉ። የዚያን ቀን በሬውን፣ አጥሩንና እሾሁን ለቢሮው ሰው ሁሉ አወራሁ። ወልድያም አልተመለስኩም።

የሀብሩን መንገድ የተማርኩት በእርሳቸው አወዳደቅ ነው። ቁልቁለቱ ጋ ስንደርስ ቆም ይሉና «እዚህች ድንጋይ ላይ ተንሸራትቼ ከነሳጥኔ አንድ ሽማግሌ ሶላት የሚሰግዱበት ድረስ ወረድኩ» ይሉኛል። ከዋርካው ሥር ሲያልፉ ድምፅ አያሰሙም፤ ንቦቹ አንድ ጊዜ እስከ መስጊዱ በር አሯሩጠዋቸዋል። እየሳቅኩ ስሰማቸው እግሬ የቱ ጋ መጠንቀቅ እንዳለበት ይማር ነበር።

በሰው ጉዳት ግን ቀልደው አያውቁም። ያለቻቸው አንዲት ላም የታመመችባቸው አንዲት አሮጊት ነበሩ። ጋሽ እንድሪስ ጡረታ ወጥተው እንኳ ዝናብ እየመታቸው ዳገቱን ይመላለሱላቸው ነበር። ላሚቱ ስትሞትም ከአሮጊቷ ጋር ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ዋሉ። በመንገድ ላስቃቸው ስሞክር «የምስቀው በራሴ ነው፤ የእማማ ላም ግን የእማማ ናት» አሉኝ።

እኔን በእውነት ያተረፉኝ ግን ከጎርፉ በኋላ ነው። በእኛ በኩል ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ ዝናቡ የዘነበው ደጋው ላይ ነው። ወንዙን ስሻገር ውሃው ድንገት ደረሰብኝ። የክትባት ሳጥኑ ከትከሻዬ ሄደ፣ እኔም ተከተልኩ። ነፍሴን ያተረፈው እጄ የገባው፣ አጠገቤ ይሻገር የነበረ የአንድ ገበሬ አህያ ጭራ ነው። አህያዋ ነፍሷን ለማዳን ስትፍጨረጨር እኔንም ጎትታ አወጣችኝ።

ከዚያ ወዲያ የወንዙ ድምፅ ሲሰማኝ ከመንገድ እመለስ ጀመር። ዝውውር ልጠይቅ ቆረጥኩ። ጋሽ እንድሪስ «ፈሪ» አላሉኝም፣ አይዞሽ እያሉም አላሰለቹኝም። በየሳምንቱ ወንዙ ዳር ይወስዱኝና ቆሎ እየቆረጠምን ውሃውን ስናይ እንቆያለን። «ይሄኛውን ለማውራት አትቸኩይ» አሉኝ።

አንድ የገበያ ቀን ገበሬዎች መሃል ተቀምጬ ሳላስበው አፌ ተፈታ። ከውሃው ወጥቼ፣ በአንድ እግር ጫማ ብቻ ቀርቼ፣ አህያይቱን እንደ ትልቅ ሰው ጎንበስ ብዬ እጅ እንደነሳኋት ነገርኳቸው። ጋሽ እንድሪስ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። በሳምንቱ አብረን ተሻገርን፤ እርሳቸው ከፊት፣ እኔ ከኋላ። መሃል ሲደርሱ ቁርጭምጭሚት በማይሞላ ውሃ ውስጥ ዘጭ ብለው ተቀመጡ። ሳቄ ሲበርድልኝ ማዶ ደርሼ ነበር። ሆን ብለው ይሁን እውነት ይሁን እስከ መጨረሻው አልነገሩኝም።

ታመው ስጠይቃቸው ከአልጋ የወደቁበትን አወሩልኝ። ከዚያ ፊታቸው ኮስተር አለ። ማዶ ባሉት ቀበሌዎች አባጎርባ የሚባለው የከብት በሽታ መግባቱን ሰምተው ነበር። «አሁን እኔ የለሁም። ማን ይሻገራል?» አሉኝ። ብቻዬን፣ በክረምት፣ ያንን ወንዝ። እግዜር ይማርዎት ብዬ፣ መልስ ሳልሰጣቸው ወጣሁ።

ለቅሶው ላይ ባለቤታቸው ወይዘሮ ከድጃ ዓይናቸው አብጦ ተቀምጠው ነበር። ከለቀስተኞቹ አንዱ፣ በቅሏቸው ጋሽ እንድሪስን ጥላ ብቻዋን ቤት የገባችበትን ቀን አነሳ። «እኔ እኮ ሞቷል ብዬ ጮኼ ጎረቤት ሰብስቤ ነበር» አሉ ከድጃ። «ለቀስተኛው ሞልቶ እያለ እያነከሰ ገባና ማን ሞተብን? አለኝ!» ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ፣ ወዲያው ደግሞ በልቅሶ። እኔም ሁለቱንም አደረግሁ፣ ወጥቶልኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ጋሽ እንድሪስ፣ አላህ በጀነተል ፊርደውስ ያኑርዎት፤ እኔም በእምነቴ ነፍስዎን ይማር እላለሁ። ብዙ ሰው ዛሬ በእግሩ የሚቆመው አንቱ ስላቆሙት ነው፤ አንዷ እኔ ነኝ። ማዶ ማን ይሻገራል ብለው ጠይቀውኝ ነበር፤ መልሴ ይኸው። ሰኞ ጠዋት፣ ውሃው ጎደል ሲል፣ የአባጎርባ ክትባት ሳጥን ተሸክሜ ወንዙ ዳር እደርሳለሁ። ፍርሃቱ አልለቀቀኝም፣ አልዋሽዎትም። የምሻገረው ግን እኔ ነኝ።