የአይስላንዱ ሰባት ተኩል

ኖርዝ ዮርክ አብሮኝ የሚሠራው ዮን አይስላንዳዊ ነው። እነሱ ሰባት ተኩልን «ግማሽ ስምንት» ነው የሚሉት። እኔም በተራዬ የሐበሻን ሰዓት አስተማርኩት፤ የእኛ ሰባት ተኩል ለእሱ ከቀትር በኋላ አንድ ተኩል መሆኑን ሲሰማ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

ቅዳሜ ዳንፎርዝ ሰፈር ያለ የሐበሻ ምግብ ቤት ልጋብዘው ፈለግኩና፣ ጉራዬን ልንዛ ብዬ በራሱ ቋንቋ «ግማሽ ስምንት እንገናኝ» የሚል ቴክስት ላክሁለት።

ማታ በፈረንጅ ሰባት ተኩል ምግብ ቤቱ ስደርስ ዮን ሁለተኛ ክትፎውን እያጣጣመ ነው። ለካ እኔን ለማክበር በሐበሻ ሰዓት አስልቶ፣ ከምሳ ሰዓት ጀምሮ እዚያው ተቀምጧል!

«ምነው ታዲያ ኮል ብታደርግልኝ?» አልኩት በድንጋጤ።

«ልደውል ስል የምግብ ቤቱ ባለቤት ከለከለችኝ። ‹ተወው፣ ብትደውልለትም መንገድ ላይ ነኝ ነው የሚልህ› አለችኝ።»