ጨረቃ ላይ የወጣችው ጥንቸል

ሆላንድ፣ ዴን ሃግ ከተማ፣ ሙርዋይክ ሰፈር ባለችው ጠባብ ሳሎናችን ልጄ ከቤተ መጻሕፍት የተዋሰችውን የጃፓን ተረት ለእናቴ እየተረጎመች ታነብላታለች። ቡድሂዝም ጃፓን ከገባ ወዲህ የተረቱ አውሬ ሁሉ ጻድቅ ጻድቅ መጫወት ጀምሯል፤ አታላይዋ ቀበሮ እንኳ ቆብ ደፍታ ትመነኩሳለች።

«እሷን አላምናትም» አለች እናቴ።

ቀጥሎ የጥንቸሏ መጣ። አንድ የተራበ ሽማግሌ እንስሳቱን ምግብ ለመናቸው። ዝንጀሮው ፍሬ ለቅሞ፣ ቀበሮዋ ዓሣ ይዛ መጡ። ጥንቸሏ የምትሰጠው ብታጣ «እኔን ብላኝ» ብላ እሳት ውስጥ ዘለለች። ሽማግሌው ለካ አምላክ ኖሯል፤ ስለ ደግነቷ ጨረቃ ላይ አኖራት።

ልጄ እንባዋ መጣ። ጾም ገድፋ የማታውቀውን እናቴን ግን ያሳሰባት ሌላ ነው።

«ጥንቸል ይበላል እንዴ? ሰውየው እንደኛ የማይበላ ቢሆንስ? በከንቱ መቃጠሏ አይደል! ቀድማ አትጠይቅም?»

«አንቺ ደግሞ! ተረቱ እኮ ስለ ደግነት ነው» አለቻት ልጄ። አያትሽን «እርስዎ» በያት ማለቱን ከተውኩት ቆይቻለሁ።

በሳምንቱ ሦስታችን ሱፐርማርኬት ገባን። የፈረንጆች ገና ደርሶ ስለነበር ማቀዝቀዣው ውስጥ የተገፈፉ ጥንቸሎች በላስቲክ ተጠቅልለው ተደርድረዋል፤ ሆላንዶች ለበዓል ይወዱታል። እናቴ ቆም ብላ አማተበች። ሰው ፊት «ኤጭ!» ልትል ነው ብዬ እጇን ልጎትት ስል፣ ወደ ልጄ ዞራ ቀስ ብላ ጠየቀቻት።

«እነዚህንስ ማን ጨረቃ ላይ ያወጣቸዋል?»