ያልተረገጠ በርኖስ ይዤ ወደ ራቤል

የልጅ ልጆቼ መምህርት በላከችው ወረቀት መጨረሻ ላይ «በዕረፍቱ ከልጆቹ ጋር ያደረጋችሁትን ጽፋችሁ ላኩ» የሚል አለ። ሦስት መስመር ይበቃል ብላለች አሉ። እኔ ግን ከየት ተነስቼ የት እንደደረስኩ ሳልናገር መሐሉን ብቻ ቆርጬ መናገር አልችልበትም። ፊደል የቆጠርኩት ቄስ ዘንድ ነው፤ ዳዊቱን ሳልጨርስ አባቴ ለእርሻ አስቀሩኝ። ስሕተት ካለው መምህርቷ ታርመው።

ማክሰኞ ማለዳ

ከቤቴ የወጣሁት አመዳዩ ከሣሩ ላይ ሳይነሳ ነው። የምሄደው ግሼ ራቤል፣ ልጄ አስናቀች ዘንድ ነው። አስናቀች ሁለት ሴት ልጆች አሏት፤ ቅድስት ሰባት ዓመቷ ነው፣ ማርታ አራት። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሁለት ሳምንት እኛ ዘንድ እንዲከርሙ ላመጣቸው ነው።

ካየናቸው ሁለት ዓመት አለፈ። ጥፋቱ የኔ ነው ይላሉ። አስናቀች ያን ጊዜ መጥታ «አርጅታችኋል፤ ከብቱን ሽጡና እኛ ጋ ግቡ» ብትለኝ «እኔ በሰው ጓሮ ፀሐይ አልሞቅም» አልኳት። አኩርፋ ሄደች። እኔም መልሼ አልጠራኋት። ባለቤቴ በላይነሽ ጉልበቷ መንገድ እምቢ ብሏታል እንጂ እሷ ብትሆን ድሮ ሄዳ ታርቃ ነበር። ሰሞኑን መንገዱ ክፍት ነው ሲባል ጭኮ ቋጠረችና «ልጆቹን ሳትይዝ እንዳትመጣ» አለችኝ። 

በማዳበሪያ ጠቅልዬ ለቅድስት የሠራሁትን በርኖስ ይዣለሁ። በርኖስ ከበግ ጠጉር የሚሠራ ካባ ነው። እኛ ዘንድ ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሠራል። ተሠርቶ ሲያበቃ በፍል ውኃ እየተነከረ በእግር ይረገጣል። ሲረገጥ ጠጉሩ እርስ በርሱ ይያያዛል፣ ይጠብቃል፣ ያጥራልም። ስለዚህ ሠሪው ለሚያጥረው አስቀድሞ አስቦ በየክንዱ አራት ጣት ያስረዝማል። በዚህ ሥራ ከአርባ ክረምት በላይ ኖሬያለሁ፣ ልክ ስቼ አላውቅም። የቅድስትን ግን ለመርገጥ ጊዜ አጣሁ። እዚያው ደርሼ እረግጠዋለሁ ብዬ እንዳለ ያዝኩት።

መኪና የሚገኝበት ሞላሌ በእግር ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ አይፈጅብኝም ነበር፤ ዘንድሮ ሁለት ሰዓት ሆነ። ወደ መሐል ሜዳ የሚሄደው ሚኒባስ ሞላ ከተባለ በኋላ ሌላ አምስት ሰው ጫነ። አጠገቤ ከይፋት በኩል የመጣ የጨርቅ ነጋዴ ተቀምጧል። ማዳበሪያውን ዳበስ ዳበስ አድርጎ፣ ይሸጣል ወይ አለኝ። አይሸጥም አልኩት። አውጥቼ ሳሳየው በጣቱ አሸት አድርጎ ያልተረገጠ መሆኑን አወቀ፤ ሥራ የሚያውቅ ሰው ነው።

«ለስንት ዓመት ልጅ ነው አባቴ?»

«ለአምስት» አልኩት።

«እንግዲያው ሲረገጥ ልክ ይሆናል» አለና መለሰልኝ።

መሐል ሜዳ ወርጄ ሻይ በዳቦ ስጠጣ ነው ቅድስት ሰባት ዓመቷ መሆኑ ትዝ ያለኝ። ቢሆንም ልጅ ልጅ ነው ብዬ ሻዬን ጨረስኩ።

ራቤል

ከመሐል ሜዳ ራቤል በቅጥቅጥ አውቶቡስ ነው። ኮረኮንቹ አንጀት ያላላል። መንገድ ላይ ጎማ ፈነዳ፤ ሾፌሩና ረዳቱ ሲቀይሩ እኛ ከንፋሱ ሸሽተን በመኪናው ጥላ በኩል ብንቆም ጥላው ከንፋሱ ባሰ፣ ዞረን ፀሐዩ ጋ ብንቆም ንፋሱ ተቀበለን። አሥር ሰዓት ላይ ገባን።

አስናቀች ሱቋን ዘግታ መነኻሪያ ጠበቀችኝ። ባሏ ግንበኛ ነው፣ ለሥራ ደብረ ብርሃን ነው ያለው። ቤት ስንደርስ ቅድስት ዝቅ ብላ እጄን ጨበጠችና «እንደምን ዋሉ» አለችኝ፤ ለቀበሌ ሰው እንደሚባለው። ማርታ እናቷ ቀሚስ ውስጥ ገባች። ጭኮውን ሳወጣ አንድ ዓይኗ ብቅ አለ።

ቅድስት በርኖሱን ወዲያው ደረበችው። ባቷ ግማሽ ላይ ደረሰ። ዞር ዞር አለችበት፣ መስተዋት ፊት ሄዳ ተመለሰች። አስናቀች ልክ ነው፣ ይተዉት አለችኝ። ያልተረገጠ በርኖስ ወንፊት ነው አልኳት። ከተረገጠ ያጥርባታል አለች። ለሚያጥረው አስቤ ነው የሠራሁት፣ ሥራዬን አታስተምሪኝ አልኩ። እሷም ተወችው።

ማታ እራት ስንበላ የመጣሁበትን ነገርኳት። ወጧን እያየች መለሰችልኝ።

«አባዬ፣ ልጆቹ እርስዎን አያውቁም። ሁለት ቀን አብረዋቸው ይዋሉ። እሺ ካሉ ይውሰዷቸው። እምቢ ካሉ እኔ አላስገድድም።»

ልጅ ይጠየቃል እንዴ? እኔ ስወለድ የጠየቀኝ የለም፣ በግ ጠብቅ ስባልም የጠየቀኝ የለም። ግራ ገባኝ። ግን በላይነሽ ያለችውን አስቤ እሺ አልኩ።

ረቡዕ፣ የወረቀቱ ቀን

ጠዋት አስናቀች ወደ ሱቋ ስትሄድ የመምህርቷን ወረቀት ሰጠችኝ። ብዙ ገንዘብ ሳይወጣ ከልጆች ጋር የሚሠራ ነገር ተዘርዝሮበታል። አንደኛው፣ ከካርቶን ቤት ሥሩ ይላል። እውነተኛ ቤት በእጄ ሠርቻለሁ፤ የካርቶን ምን ያቅታል አልኩ። ምላጭና ካርቶን ይዘን ግቢው ውስጥ ተቀመጥን። እኔ ግድግዳውን አቁሜ ጣሪያ ስከድን ቅድስት መስኮት የለውም አለች። መስኮት ስቆርጥ ግድግዳው ተኛ። ማርታ የተኛው ግድግዳ ላይ ተቀመጠችና ምንጣፍ ነው አለች። ቤቱ በዚሁ ቀረ።

ሁለተኛው፣ ልጆቹን ወደ ክፍት ቦታ ውሰዱ ይላል። እዚህ አገር ያልተከፈተ ቦታ የትኛው እንደሆነ አልገባኝም። ሆኖም ወሰድኳቸው። ከከተማው ዳር ካለው ገደል አፋፍ ከመድረሳችን በፊት ማርታ እግሬን አመመኝ አለች፤ ተሸከምኳት። ከጀርባዬ ሆና «አንተ ጀርባህ አጥንት ነው» ትለኛለች። አፋፉ ላይ ቆላውን እያሳየሁ ያ ወንዝ ነው፣ ያ ማሽላ ነው ብል ቅድስት በትሕትና ታያለች። ትንሽ ቆይታ፣ ካዩ አይበቃም ወይ አለችኝ። ተመለስን። በመመለሻችን ጁስ ቤት አስገባኋቸው። አቡካዶ ጁስ አንዱ ሰማንያ ብር ነው፤ ሁለት አዝዤ እኔ ውኃ ጠጣሁ። ማርታ የተወችውን ግማሽ እኔ በማንኪያ ጨረስኩት። ሳሙና የሚመስል ነገር ነው፣ ግን ያጠግባል።

ሦስተኛው፣ ልጆቹን ምን እንደተሰማቸው ጠይቁ ይላል። ይሄን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ቅድስትን በወረቀቱ እንደተጻፈው «ዛሬ ምን ተሰማሽ?» አልኳት።

«በረደኝ» አለች።

ሌላ ምን እንደምጠይቅ ወረቀቱ አይናገርም። ገብተን እሳት ሞቅን። ማታ አስናቀች እንዴት ዋላችሁ ስትል ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ነገሩ እንዳልተሳካ ለማወቅ መማር አያስፈልግም።

ሐሙስ

ሐሙስ ጠዋት ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ከዛሬ ሌላ ቀን የለኝም፣ በርኖሱም ሳይረገጥ ሊቀር ነው። ከሰል አያይዤ ውኃ ጣድኩ፣ ትልቁን ሳፋ አወጣሁ። ልጆቹን ጫማችሁን አውልቁ አልኳቸው።

መጀመሪያ እኔ ገብቼ አሳየኋቸው፤ በተረከዝ ተጭኖ፣ እጥፉን እየቀያየሩ። ከዚያ ሁለቱን አስገብቼ እጃቸውን ያዝኩ። ቅድስት መቶ እስኪሞላ ትቆጥራለች፣ ማርታ ትከተላለች፤ ሃያ ዘጠኝ ላይ ሲደርሱ ማርታ «ሃያ አሥር» ትላለች። ቅድስት አይደለም ትላታለች፣ ማርታ ነው ትላለች፣ እንደገና ከአንድ ይጀመራል። መቶ እስኪሞላ አሥር ጊዜ ጀምረናል። ማርታ ተንሸራታ በቂጧ ውኃው ውስጥ ተቀመጠች፤ ታለቅሳለች ብዬ ስደነግጥ ሳቀች። ቅድስትም ሳቀች። ጎረቤት የምትኖር ሴት በአጥር አሻግራ «አባቴ፣ ልጆቹን ነው የሚያጥቡት በርኖሱን?» አለችኝ። ውኃ እየለወጥን እስከ ምሳ ረገጥን። ጠጉሩ እንደ ቆዳ ጥብቅ አለ። እንዲህ ያማረ ሥራ ከእጄ ከወጣ ቆይቷል። ጨምቀን አጥር ላይ አሰጣነው።

ፀሐዩና ንፋሱ ሲያደርቁት ቅድስት ደረበችው።

ከጉልበቷ በላይ ቀረ።

ወደ ታች ሳብኩት። አልመጣም። በደንብ የተረገጠ በርኖስ አይሳብም። ቅድስት አወለቀችው፣ አጥፋ ያዘችው፣ ከዚያ ማርታ ላይ ጣለችው። ማርታ ላይ ልክ ሆነ። ማርታ ግቢውን እየዞረች ስትንጎማለል ቅድስት ጓዳ ገብታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

እኔ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። አራት ጣቱን በየክንዱ ጨምሬያለሁ። ሥራው ላይ ስሕተት የለም። ከየት መጣ ይሄ? ከዚያ ሚኒባስ ውስጥ «ለአምስት» ያልኩት ትዝ አለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ በዓይኔ የያዝኳት ቀበቶዬ ላይ የምትደርሰውን ልጅ ነው። እሷን ነው የሠራሁላት። ማክሰኞ ማታ ልጅቷ ፊቴ ቆማ፣ እናቷም ነግራኝ፣ አላየሁም።

እጄን ኪሴ ስከት ወረቀቱ ተገኘ። ሌላ ቃል ስላልነበረኝ እሱኑ አልኩ።

«ቅድስት፣ ምን ተሰማሽ?»

ከግድግዳው ሳትዞር መለሰች። «የእኔን ቁመት ሳያውቁ ነው የሠሩት።»

«አዎ» አልኳት። «አላወቅሁም።»

እንዲህ ብዬ ለልጅ መልሼ አላውቅም። ለአዋቂም ብዙ ጊዜ አላልኩም። ከማዳበሪያው አፍ ላይ ክር ፈታሁና ልለካሽ አልኳት። መጥታ ቆመች። ከትከሻዋ እስከ ባቷ ለክቼ ክሩን ቋጠርኩ። ሌላ እሠራለሁ፣ ይሄን ክር ይዤ እሄዳለሁ አልኩ። ስንት ቀን እንደሚፈጅ ጠየቀችኝ። ጠጉሩ ታጥቦ፣ ተባዝቶ፣ ተፈትሎ፣ ተሠርቶ ለፋሲካ ይደርሳል አልኩ።

ክሩን አየት አደረገች። «ያኔ እኔ ደግሞ አድጋለሁ።»

ክሩን እንደያዝኩ ቁመቷን እንደገና አየሁ።

አስናቀች ከሱቅ ስትመጣ ማርታን በበርኖስ፣ እኛን በክር አገኘችን። ነገሩን ከቅድስት ሰማች። ትጮኽብኛለች ብዬ ስጠብቅ ቁጭ ብላ ሳቀች። «እኔንም እንዲሁ አድርገውኛል እኮ። እዚህ ነበር የሚደርሰው» ብላ ጉልበቷን አሳየች። «ሁለት ክረምት እግሬን እየበረደኝ። አንድም ቀን አልነገርኩዎትም።»

«ለምን?»

«ማን ይናገርዎታል?»

ቅድስት በመሐል ገባች። ክሩ አይረባም አለች። እዚያው ሆና እየተለካች ቢሠራ ነው የሚሻለው አለች። አስናቀች አያትሽ ዘንድ መሄድ ትፈልጊያለሽ ወይ ብትላት፣ «ሌላ ምን ይደረጋል? እሳቸው ካላዩኝ ቁመቴን ይረሱታል» አለች። ማርታ ማንም ሳይጠይቃት ጫማዋን ፍለጋ ተነሳች።

ዓርብ፣ መመለሻ

በቅጥቅጡ ማርታ በርኖሷን ለብሳ ጭኔ ላይ ተኛች፤ ቅድስት ጋቢዬን ተከናንባ በመስኮት በግ ስትቆጥር ነበር። መሐል ሜዳ ሽሮ በላን። ከሞላሌ አህያ ለመንኩና ሁለቱን አስቀምጬ እኔ በእግሬ ነዳሁ። በላይነሽ ደጅ ላይ በርጩማ አውጥታ ተቀምጣለች፣ ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ልጆቹን ሳመች፣ ሳመች፣ ከዚያ የማርታን በርኖስ ጫፉን ይዛ አገላበጠችና «ይሄ ለትልቋ አልነበረም?» አለችኝ። ኋላ እነግርሻለሁ አልኳት።

አሁን ሳምንታችን ነው። ቅድስት ጠጉር ትባዝታለች፣ በላይነሽ ትፈትላለች፣ ማርታ የተፈተለውን ታወሳስባለች። ከዚህ ጉዞ ምን ተማርክ ቢሉኝ፣ በርኖስ ልጅቷን አቁሞ መለካት እንደሚገባ ተማርኩ። ይሄን አንድ ጀማሪ ሠሪ ያውቀዋል። እኔ ለምን በዚህ ዕድሜዬ እንደተማርኩት አልገባኝም።

ቅድስትን በየሦስት ቀኑ እለካታለሁ። ትናንት ቋጠሮውን ፈትቼ አንድ ጣት ዝቅ አድርጌ አሰርኩት። በላይነሽ ክሩን ስበህ ነው እንጂ ልጅ በሳምንት አታድግም ትላለች። አስናቀች ስልክ ደውላ በርኖሱ ከምን ደረሰ ስትል፣ ገና ነው፣ ለፋሲካም ተመልሰው መምጣታቸው አይቀርም አልኳት። እኔ ሥራ የምፈጥን ሰው ነኝ፤ ከፈለግሁ ከዚያ በፊት ይደርሳል።