እናቴ ፋብሪካ ውስጥ እልል ያለችበት ፈተናዬ

ዛሬ እናቴ ሥራ ቦታዋ ላይ እልልታዋን ስታቀልጠው፣ ኃላፊው ሰው የተጎዳ መስሎት እየሮጠ መጣ!

ዩኒቨርሲቲ የማጠናው የኢንዱስትሪና ማኔጅመንት ምህንድስና ነው። የመመረቂያ ፕሮጀክቴን የሠራሁት እዚሁ እስራኤል፣ ሐደራ ኢንዱስትሪ ዞን፣ እናቴ ዕቃ በምታሽግበት ፋብሪካ ነው።

እዚያ ካርቶኑን ሁሉ ጎንበስ ብለው ከመሬት ነበር የሚያነሱት። እናቴ ወገቧን ይዛ ቤት ስትገባ እያየሁ ነው ያደግኩት። ስለዚህ ካርቶኑ በወገብ ልክ እንዲመጣላቸው የማሸጊያውን መስመር እንደ አዲስ ዘረጋሁት።

ዛሬ ሙከራው ነበር። መምህሬ ሊፈትነኝ መጥቶ ቆሟል።

ፈረቃው ሳያልቅ የቀኑ ሥራ አለቀ!

መምህሬ "ኮል ሀካቮድ! ጎበዝ፣ አልፈሻል" ሲለኝ እናቴ አላስጨረሰችውም፤ እልልልል!

"ማ ካራ? ምን ተፈጠረ?" አለ ኃላፊው እያለከለከ።

"እናቴ ናት፣ ደስ ብሏት ነው" አልኩት በሀፍረት።

ሳቀና "በሉ፣ ከዛሬ ጀምሮ የምንሠራው በዚህ ነው" አለ።

እናቴ እንደገና እልል! (አሁን ግን ማንም አልሮጠም።)

ከዚያ አቅፋኝ "ልጄ፣ ዛሬ ወገብ እንዳለኝም ረሳሁት" አለችኝ። እኔም እዚያው ማሽኖቹ መሀል አለቀስኩ።

እናንተስ? ቤተሰቦቻችሁ በደስታ ሰው ፊት ያሳፈሯችሁን ቀን እስቲ ጻፉልኝ፤ ብቻዬን አታስቀሩኝ!