«እትዬ»ን የማያውቅ ዘበኛ

ልጄ ሕይወት ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት ስትመጣ ላፕቶፗን ይዛ መጣች። ባለፈው እሑድ ማሾ ስለቅም አጠገቤ ተቀምጣ፣ «እማ፣ አንቺም የራስሽ መግቢያ ይኑርሽ። ስምሽን ምን ብዬ ልጻፍ?» አለችኝ።

እጄ ሰፌዱ ላይ ቆመ። «ተዪው፣ እንዳይበላሽብሽ» አልኳት። በር ቆልፌ ሦስት ጊዜ ተመልሼ የማይ ሰው ነኝ። ይህኛው ፍርሃት ግን የቆየ ነው።

ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ ቤት ከከረምኩ በኋላ፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ሸዋ ሮቢት ሥራ አገኘሁ። እትዬ ዘሐራ የሚባሉ ሴት አስፋልቱ ዳር የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ነበራቸው። ወለል ልጠርግ ገብቼ፣ ውዬ አድሬ ማመልከቻ መጻፍ ለመድኩ። ታላቅ ወንድሜ ግን ዓረብ አገር ሊልከኝ ጉዳዩን ጀምሮ ነበር። «እዚያ ቤት ካቆዩሽ ትቀሪያለሽ፤ ካልሆነ ትሄጃለሽ» ብሎኛል። ሌሊት ሌሊት የማያስተኛኝ ይኸው ነበር።

ኮምፒውተሩ ሲነሣ ስምና የምስጢር ቃል የሚጠይቅ ገጽ ይመጣል። ኮምፒውተሩን ያዘጋጀው የእትዬ የእህት ልጅ ጀማል «ዘበኛው» ይለዋል። የእትዬ ዓይን ደክሟል፤ አንዱን ፊደል ሲሉ ሌላውን ይነካሉ። ዘበኛው በየማለዳው ይመልሳቸዋል። «ያረቢ፣ በገዛ ቤቴ በር ላይ ማን ነሽ እባላለሁ?» ይላሉ።

በግንቦት ለለቅሶ ማጀቴ ከተማ ሲሄዱ፣ «ዓርብ ከጁምዓ በኋላ እመጣለሁ። ያን ጊዜ ሳይጠይቀኝ ይክፈትልኝ። ትችያለሽ?» አሉኝ።

«እችላለሁ» አልኩ። ምን ነክቶኝ እንደሆነ እስካሁን አላውቅም።

ጀማል ደብረ ሲና ሥራ ይዞ ሄዷል። የተወልን አንዲት የእንግሊዝኛ ወረቀት ነበረች። መቀየር ያለበት ፋይል የት እንደሆነ ትናገርና «እዚህ ላይ የተጠቃሚውን ስም ጻፍ» ትላለች። እንዴት ተደርጎ እንደሚጻፍ ግን ምሳሌ የላትም። «ለዝርዝሩ ቀጣዩን ገጽ ተመልከት» ብላ ታበቃለች፤ ቀጣይ ገጽ የሚባል አልነበረም። ሐሙስን ሙሉ መዝገበ ቃላት ሳገላብጥ ዋልኩ። ዓርብ ጠዋት ስሙን ጻፍኩና አጥፍቼ አበራሁ።

ስክሪኑ ጠቆረ፤ ብልጭ አለ፤ እንደገና ጠቆረ። ዘበኛው ራሱ ጠፋ። አምስቴ አጠፋሁ፣ አምስቴ አበራሁ። የሰው ማመልከቻ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። ማራገቢያው ትኩስ አየር ይገፋል፤ ማዶ የተቆረጠው ፓፓያ ይሸታል። እትዬ ከሚመጡበት ከጀውሃ በኩል መኪና በመጣ ቁጥር የወረዱ እየመሰለኝ በር ላይ እወጣለሁ።

ጨነቀኝና ጀማል ጋ ደወልኩ። ሦስት ቁልፎች አንድ ላይ አስጫነኝ፤ ነጭ ጽሑፍ ያለበት ጥቁር ገጽ መጣ። ጀማል ድሮ በከፈተልኝ በራሴ ስም ገብቼ ፋይሉን ከፈትኩ።

«የጻፍሽውን ስም ፊደል በፊደል አንብቢልኝ» አለ።

«ኢ፣ ቲ፣ ዋይ፣ ኢ...»

«ቆይ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«እትዬ ነዋ።»

«እትዬ ዘሐራ ብለሽ ነው የጻፍሽው?»

«ታዲያ ባዶውን ዘሐራ ልበላቸው? እኩያዬ ናቸው እንዴ?»

ሳቁን እስኪጨርስ ጠበቅኩት። «ወላሂ አንቺ ልጅ፣ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ዘሐራን ነው። እትዬ የምትባል ሴት ፈልጎ ፈልጎ ቢያጣ ነው የሚንቀጠቀጠው። አጥፊያት።»

እያንዳንዱን ፊደል ስሰርዝ ሻርፓቸውን ከራሳቸው ላይ የምገፍፍ መሰለኝ። ጀማል ሳይገባው አልቀረም። «ለሰው ዓይን የሚታየው ስም ሌላ ቦታ አለው» አለኝ። «እዚያ እንዳሻሽ አክብሪያቸው።»

ባሳየኝ ቦታ ጻፍኩት። ከሰዓት በኋላ እትዬ አቧራቸውን ሳያራግፉ ገብተው ማብሪያውን ተጫኑ። ምንም ሳይጠይቅ ተከፈተ። አሱር ሊሰግዱ ወደ ጓዳ ገቡ። ሲመለሱ ኮምፒውተሩ ሳይነካ ቆይቶ ራሱን ቆልፏል፤ መሐሉ ላይ «እትዬ ዘሐራ» ይላል። ዓይናቸውን አጥብበው አነበቡት።

«ይሄን ማን አስተማረው?»

«እኔ ነኝ።»

ወንበሩን ወደ እኔ ገፋ አደረጉ። «ከነገ ጀምሮ አንቺ ክፈቺ» ብለው የሱቁን ቁልፍ ሰጡኝ። ማታ ቁልፉን ለወንድሜ አሳየሁት። አገላብጦ አየውና መለሰልኝ፤ የዓረብ አገሩን ነገር ከዚያ ወዲያ አላነሣውም።

ሕይወት ላፕቶፗን ይዛ መልሴን እየጠበቀች ነበር። «ወይንሸት ብለሽ ጻፊ፣ ባዶውን» አልኳት። ጽፋ ስታበቃ ወደ እኔ አዞረችው፤ ስክሪኑ ላይ «እማ» ይላል። ያን ሌላ ቦታ እሷም ታውቀዋለች።

እናቴ ከሞተች ወዲህ ወይንሸት ብቻ ብሎ የሚጠራኝ የለም። ለጎረቤት የሕይወት እናት ነኝ፤ ለልጆች እትዬ ነኝ። ዛሬ ጠዋት ልጄ ሳትነሣ ላፕቶፑን ከፈትኩት፤ አስገባኝ። አላመንኩትም፤ ዘግቼ እንደገና ከፈትኩት።