ያልተነሳው ሰው

ያን ቅዳሜ ሳስታውስ መጀመሪያ የሚመጣልኝ ጉሙ ነው። ከምንኖርበት ሰፈር ከፓርክዴል በትራም ተነስተን ሐይቁ ዳር ስንደርስ ፊት ለፊት ያሉት ደሴቶች አይታዩም ነበር። ውሃውና ሰማዩ አንድ ላይ እንደ ተዘረጋ አንሶላ ሆነውብኛል። ሳምንቱን ሙሉ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ስቀይር ስለምውል ይሆናል እንዲያ የታየኝ።

እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ሰማንያዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ በዚያ ቀን መልስ መስጠት ነበረብኝ። እትዬ የምንላቸው ሴት ከሱዳን ስመጣ ኤርፖርት የተቀበሉኝ፣ አባቴም በደብዳቤ «ልጄን አደራ» ያሏቸው ሰው ናቸው። ባል ያገኙልኝም እሳቸው ነበሩ። ልጁ ታክሲ ይነዳል። ሦስት ጊዜ እሳቸው ሳሎን ተገናኝተን ሦስቱንም ጊዜ አንገቱን ደፍቶ ሻዩን ጠጥቶ ሄደ። መልኩ ጥሩ ነው፤ ግን ከመልከ መልካም ግድግዳ ጋር ማን ይኖራል እያልኩ አብረውኝ የሚኖሩትን ሁለት ጓደኞቼን አስቅ ነበር። እትዬ ሳቁ ሰለቻቸውና ሁላችንንም ለጀልባ ሽርሽር ጠርተው «ከጀልባው ስንወርድ እሺ ወይም እንቢ ትዪኛለሽ» አሉኝ።

የጀልባው ባለቤት እትዬ ልጆቿን የሚጠብቁላት ፈረንጅ ናት። ወፍ ማየት ነፍሷ ነው። ሞቃቱ ወር ሲመጣ ቅዳሜ ቅዳሜ ስምንት ሰው እየጫነች በደሴቶቹ መሀል ያሉትን ጠባብ የውሃ መንገዶች ታስጎበኛለች። ሦስት ፈረንጆች ቀድመው ተቀምጠዋል። እኔና ጓደኞቼ በአንድ በኩል ተደረደርን፤ እሱ ከጎኔ ተቀመጠ። እትዬ እግራቸውን ስለሚያማቸው በመጨረሻ ደረሱ።

አንድ እግራቸውን ጀልባው ላይ እንዳሳረፉ እኛ ሦስታችን «ኖር» ብለን ብድግ አልን። ማንም አላሰበውም፤ ትልቅ ሰው ሲመጣ እግር በራሱ ይነሳል። ጀልባው ወደ እኛ አጋደለ። እትዬ አንድ እግራቸው ወደቡ ላይ፣ አንዱ ጀልባው ላይ ቀርተው ተንገዳገዱ። በዚህ መሀል ያ ዝምተኛ ሰው «ተቀመጡ» ብሎ ጮኸ፤ ቀሚሴን ጨምድዶም ወደ ታች ጎተተኝ። ከመቀመጫው ግን ንቅንቅ አላለም። አስጎብኚዋ እትዬን በክንዳቸው ይዛ አስገባቻቸው። የተጎዳ ሰው የለም፤ የእትዬ አንድ ጫማ ብቻ ውሃ ጠጣ።

እትዬ ፊታቸውን አዞሩበት። ለትልቅ ሰው አልተነሳም፤ በዚያ ላይ በሰው ፊት የሴት ልጅ ቀሚስ ይዟል። እኔም በሐፍረት ተቃጠልኩ። ለራሴ «አለቀ፣ እንቢ ነው» አልኩ፤ እንዲያውም ቀለል አለኝ።

ከዚያ ወደ ጠባቡ ውሃ ገባን። አኻያዎቹ ከግራና ከቀኝ ቅርንጫፋቸውን ውሃ ውስጥ ነክረዋል። አስጎብኚዋ በሞቃት አገር ባሕር ዳር ሥሮቻቸው ጨዋማ ውሃ ውስጥ የቆሙ ዛፎች እንዳሉ፣ በመሀላቸውም በጀልባ እንደሚኬድ አወራችልን። ወዲያው ሞተሩን አጠፋችና ዝም በሉ አለች። ጀልባው በራሱ ጊዜ ተንሳፈፈ። ኤሊዎች አንድ ግንድ ላይ ተደርድረው አዩን። አንድ ረጅም እግር ያለው ግራጫ ወፍ ከጉሙ ውስጥ ብቅ አለ፤ አልበረረም፣ አልተራመደም፣ ቆሞ ብቻ ነበር። ከስንት ጊዜ በኋላ ምንም የሚያስቸኩለኝ ነገር እንደሌለ ተሰማኝ። ያ ደስታ አሁንም ሲመጣ ይታወቀኛል።

ሁሉም ወፉን ሲያይ በሹክሹክታ «ለምንድን ነው ያዋረድከኝ?» አልኩት።

ዓይኑን ከውሃው ሳይነቅል፣ ጣና ዳር እንዳደገ ነገረኝ። የአሥር ዓመት ልጅ ሳለ ከታናሽ ወንድሙ ጋር በጀልባ ሲሻገሩ፣ ከደሴቱ አንድ ቄስ ሊሳፈሩ መጡ። ሰዉ ሁሉ መስቀል ለመሳለም ተነሳ። ጀልባው ተገለበጠ። እሱ ዋኝቶ ወጣ።

«ወንድምህስ?»

«መዋኘት ገና እያስተማርኩት ነበር» አለ። ቀጥሎም «መጀመሪያ የተነሳሁት እኔ ነኝ። እናታችን እንዲያ አድርጋ ነው ያሳደገችን» አለኝ።

እጁ የጀልባውን ጠርዝ ይዟል፤ ከገባን ጀምሮ አለቀቀውም ነበር። እጄን እጁ ላይ አደረግኩ፣ ማንም ይየኝ ማንም።

«ለእትዬ ልንገራቸው፤ ይገባቸዋል» አልኩት።

«ተይ። ያኔ የተነሱት ሰዎች እኔን ባዩ ቁጥር ያለቅሱ ነበር። እሳቸውን ይሄን አላሸክማቸውም። ባለጌ ነው ይበሉኝ፣ ግድ የለም።»

ወፉ መቼ እንደበረረ አላየሁም። ጉሙ ተገፍፎ የከተማው ፎቆች አንድ በአንድ ሲወጡ ትዝ ይለኛል፤ የሌላ ሰው ከተማ የማይ ይመስለኝ ነበር።

ወደቡ ላይ እትዬ እጄን ይዘው ወደ ጎን ወሰዱኝ። እርጥቡ ጫማቸው ሲራመዱ ይንጫጫል።

«ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሳላጠና አመጣሁት» አሉ። «እንዲህ ያለ ሰው አይሆንሽም። ለአባትሽ እንደቀረ እጽፍላቸዋለሁ።»

«አይጻፉ እትዬ። እሺ ብያለሁ።»

ቆም ብለው አዩኝ። «አባትሽ ቢጠይቁኝ የምመልሰው ይኑረኝ እንጂ። በምን ምክንያት?»

ምክንያቱ ምላሴ ላይ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ብናገር ራሳቸው ሄደው ይስሙት ነበር። ጥቂት ራቅ ብሎ ጀርባውን ሰጥቶን ቆሟል፤ ምን እንደምል አያውቅም። ዋጥኩት። ያለዚያ ምክንያት ደግሞ ለትልቅ ሰው የሚቀርብ ምንም ነገር አልነበረኝም፤ ዘመድ የለው፣ ሀብት የለው፣ ትምህርት የለው።

«ወድጄዋለሁ» አልኳቸው።

እንዲህ ያለ ቃል በትልቅ ሰው ፊት ተናግሬ አላውቅም። እትዬም እንዲህ ያለ ሰምተው የሚያውቁ አይመስለኝም። ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ሐይቁን አዩ፣ እኔን አዩ።

«እና ይሄን ነው ለአባትሽ የምጽፈው?» አሉ።

«አዎ፣ ይሄንኑ» አልኳቸው።